የወንጌላውያን ተጽዕኖ ከቤተ መንግሥት አልጀመረም

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ እየተደጋገመ የሚነሳ አንድ ቅሬታ አለ። ሚኒስትር በተሾመ፣ ከንቲባ ወይም ኮሚሽነር በተሰየመ ቁጥር፣ ሰውየው ከየትኛው ብሔር ነው ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነው የሚለው ይከተላል። "መንግሥቱ የጴንጤ ሆኗል" የሚለው አባባል ከማኅበራዊ ሚዲያ አልፎ በለቅሶ ቤትና በታክሲ ውስጥ ይሰማል። በአንጻሩ ብዙ ወንጌላውያን አማኞች የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ወደ ሥልጣን መምጣት ለረጅም ዘመን ጸሎት የተሰጠ መልስ አድርገው ተቀብለውታል። ሁለቱ ወገኖች በፍርዳቸው ይራራቁ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የወንጌላውያን ጉልበት ያለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ይህን የጋራ እምነት አልቀበለውም። የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ኅብረተሰቡን የለወጡት ከሥልጣን ርቀው በኖሩባቸው አሠርት ዓመታት ነው፤ ወደ ሥልጣን በቀረቡበት በዚህ ዘመን ደግሞ ለዚያ ያበቃቸውን ነገር፣ ማለትም ከመንግሥት ተለይቶ የመቆም ልማዳቸውን፣ እያላሉት መጥተዋል።

የቁጥሩን ነገር አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ተብለው የተመዘገቡት ከሕዝቡ 5.5 ከመቶ ያህል ነበሩ። በ1987ቱ ቆጠራ 10 ከመቶ ገደማ ሆኑ፤ በ1999ኙ ደግሞ 18.6 ከመቶ ደረሱ፤ ይህም ከ73 ሚሊዮን በላይ ከነበረው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በተደጋጋሚ ስለተራዘመ፣ ዛሬ "ሩብ ደርሰናል" ወይም "ሲሶ ሆነዋል" የሚል ሁሉ የሚናገረው በግምት ነው። አገር አቀፉ አኃዝ ደግሞ በውስጡ የሚደብቀው ብዙ ነው። በዚያው በ1999ኙ ቆጠራ በጋምቤላ ከአሥር ሰዎች ሰባቱ፣ በያኔው የደቡብ ክልልም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነዋሪ ፕሮቴስታንት ነበር። በኦሮሚያ 18 ከመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ 8 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአማራና በትግራይ ክልሎች ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ስለ ወንጌላውያን "አናሳነት" ወይም "መስፋፋት" የሚጽፍ ሰው፣ ሶዶ ወይም ሆሳዕና ላይ ያለው አንባቢው በሌላ እውነት ውስጥ እንደሚኖር ማሰብ አለበት።

ይህ ካርታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የውጭ ሚሲዮኖችን ሥራ የሚወስን ደንብ አወጣ። ደንቡ አገሩን "ክፍት" እና "ዝግ" ብሎ ከፈለው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ጸንቶ የቆየባቸው አካባቢዎች ለስብከት ዝግ ሆኑ፤ ሚሲዮኖች ማስተማርና ማጥመቅ የተፈቀደላቸው ክፍት በተባሉት ብቻ ነበር፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ከክፍቶቹ አካባቢዎች አብዛኞቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለሉ፣ የገባር ሥርዓት የተተከለባቸው የደቡብና የምዕራብ አገሮች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ገበሬው ቤተ ክርስቲያንን ያወቃት ብዙውን ጊዜ ከመልከኛውና ከጦር ሰፈሩ ጋር አንድ ላይ ነው። አዲሱ ትምህርት ደግሞ ያለ መልከኛ መጣ። ይህን ሲሉ ግን የደቡብ ሰው እምነቱን የለወጠው ጌታውን ለመቃወም ብቻ ነው ማለት አይገባም። አማኞቹ ራሳቸው ስለ መለወጣቸው ሲናገሩ የሚያነሱት መሬትን ሳይሆን ፍርሃትን ነው፤ ለመንፈስ ከመገበር፣ ከቃልቻ ቤት ከመመላለስ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ያለችውን አንዲት ከብት ከማጣት ነጻ መውጣታቸውን ይተርካሉ። ፖለቲካ ብቻ የሚታየው ተንታኝ ይህን ምስክርነት ችላ ካለ ነገሩን ከግማሽ በታች ነው የሚረዳው።

የወላይታ ታሪክ ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጧቸው በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋው ገና አልተተረጎመም፤ የነበረው ጥቂት ክፍል ነው፤ ማንበብ የሚችለውም እጅግ ትንሽ ሰው ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን 10,000 የሚገመት ምእመን ነው። በእነዚያ የወረራ ዓመታት ሽማግሌዎቹ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈርሰዋል። ሆኖም ከመንደር መንደር በእግር እየሄደ የሚሰብከው፣ የታሰረውን የሚጠይቀው፣ የሞተውን የሚቀብረው፣ አዲስ የገባውን የሚያስተምረው የአገሬው ሰው ራሱ ነበር። መዝሙሩ በአገሬው ዜማ ተዘመረ፤ የጸሎት ቤቱ በአባላቱ እንጨትና ጭቃ ተሠራ። በኋላም ከወላይታ የተነሱ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ከዚያም ርቀው ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ፤ የማያውቁትን ቋንቋ ተማሩ፤ በየወህኒ ቤቱም ታሰሩ። ዛሬ ቃለ ሕይወት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን መሠረቷ ይህ ነው። "ከውጭ የመጣ፣ በውጭ ገንዘብ የተስፋፋ ሃይማኖት" የሚለው ክስ ለሚሲዮን ጣቢያዎቹ ዘመን የተወሰነ እውነት ቢኖረውም፣ ዋናው እድገት የተገኘው የውጭው ሰው በሌለበት ጊዜ መሆኑን ግን ሊያስረዳ አይችልም።

በምዕራብ ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ነው። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡትና በስዊድን ሚሲዮን የተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1891 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና አሳተሙ። ፊደሉ የግእዝ ፊደል ነበር። ሁለት የተሸጡ ልጆች ለሚሊዮኖች ቋንቋ የጽሑፍ መሠረት ሲጥሉ፣ ያ ቋንቋ በአደባባይ ክብር የሚያገኝበት ጊዜ ገና ብዙ አሠርት ዓመታት ይቀሩት ነበር። በወለጋ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ካወጧቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ምሁራን ሆኑ፤ የኦሮሞ ብሔርተኝነትን በማደራጀት ቀዳሚ የነበሩም ከዚያው ወጥተዋል። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራች የነበሩት ባሮ ቱምሳ፣ የሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ወንድም ናቸው። ይህ ማለት መካነ ኢየሱስ የፖለቲካ ድርጅት ነበረች ማለት አይደለም። ሰው በራሱ ቋንቋ ሲጸልይና ሲያነብ፣ በሌላው የሕይወቱ ክፍል ቋንቋው ለምን እንደሚናቅ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ቤተ ክርስቲያኗን ራሷን አልማራትም። ከደርግ ውድቀት በኋላ በአዲስ አበባ አጥቢያዎች አምልኮ በየትኛው ቋንቋ ይሁን በሚለው ክርክር መካነ ኢየሱስ ለዓመታት ተከፍላ ቆይታለች። ዛሬ በፌዴራል ሥርዓቱ ውስጥ ስለ ቋንቋና ስለ ማንነት የምንከራከረው ክርክር፣ በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ቀደም ብሎ ሲካሄድ የቆየ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የከተማው ወጣት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቀጣጠለው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን ወለደ። ወጣቶቹ በ1959 ዓ.ም. ሕጋዊ እውቅና ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ወደ 250 የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ ታሰሩ። "ጴንጤ" የሚለው ስም በዚያ ዘመን መናቂያ ነበር። ደርግ ሲመጣ ስደቱ ጠነከረ፤ ምክንያቱ ግን ተለወጠ። አሁን ክሱ "መጤ ሃይማኖት" እና "የኢምፔሪያሊዝም ወኪል" የሚል ሆነ። በቀበሌ ስብሰባ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ለማሰማት እምቢ ያለ አማኝ፣ እምቢታው ከሃይማኖቱ የመጣ ቢሆንም እንደ ፖለቲካ ተቃዋሚ ይቆጠር ነበር። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በ1969 ዓ.ም. ተወረሰ። በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወሰደ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ።

ያ የመዘጋት ዘመን ምን እንደፈጠረ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አማኞች በየመኖሪያ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ጀመር። ሰብሰብ ብሎ መግባት ስለሚያስጠረጥር አንዱ ከሌላው ዘግይቶ ይመጣል፤ መዝሙሩ ለጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ ይዘመራል፤ ቀኑና ቤቱ ይለዋወጣል። መጋቢው እስር ቤት ስለሆነ ቡድኑን የሚመራው የተገኘ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሴት ናት። የመዝሙር ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይገለበጣል። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለሰባት ዓመታት ታስሮ ሳለ ድምፁ በአገሩ ሁሉ ይዞር ነበር። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ አባሎቿ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ደጇ ሲከፈት 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። የቤት ኅብረት፣ ምእመኑ ራሱ የሚያገለግልበት አሠራር፣ በአሥራት ራስን የመቻል ልማድ፣ የአዳር ጸሎት፣ እነዚህ ሁሉ ቀድሞም የነበሩ ቢሆኑም የመላው ወንጌላዊ ኅብረተሰብ መለያ የሆኑት በዚያን ጊዜ ነው። ዛሬ ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት በእረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰብስባ ስትጸልይ የምትከተለው ይህንኑ ከደርግ ዘመን የወረሰችውን ሥርዓት ነው።

መንግሥት ብቻ አልነበረም የገፋቸው። በብዙ ከተሞች የወንጌላውያን ቤተሰብ ትልቁ ጭንቅ ሞት ነበር። አባት ይሞታል፤ ሃያ ዓመት ከከፈለበት ዕድር ሃይማኖቱን በመለወጡ ተሰርዟል፤ ጡሩምባ አይነፋለትም፤ ድንኳኑና ወንበሩ አይመጣም፤ የደብሩ መካነ መቃብርም አይቀበለውም። ሬሳው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ልጆቹ መቃብር ፍለጋ ከማዘጋጃ ቤት ማዘጋጃ ቤት ይዞራሉ። ወንጌላውያን የራሳቸውን ዕድርና የራሳቸውን የመቃብር ቦታ የጠየቁት ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ያላየ ሰው፣ በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልን በአዋጅ ሲያቋቁም ብዙዎች ለምን እንዳለቀሱ ሊገባው አይችልም። ከዚያ በፊት እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ማኅበር እየተመዘገቡ ፈቃዳቸውን በየጊዜው ያድሱ ነበር። በዚያው ጊዜ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ተመሳሳይ አዋጅ አግኝቷል። "ለጴንጤ የተደረገ ውለታ" የሚለው ትችት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የተደረገው ለዘመናት የዘገየ የእኩልነት እርምጃ ነበር።

የባህሉ ተጽዕኖ በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ ስላለ ለመለየት ያስቸግራል። ጊታርና ኪቦርድ የያዘው መዝሙር የአማርኛንና የኦሮምኛን፣ የወላይትኛንና የሲዳምኛን ዜማ ይዞ በብዙ ሺህ ወጣቶች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ በሰንበት ኳየር ውስጥ መሣሪያ መጫወት የለመዱ ብዙዎች ኋላ የዓለማዊውን ሙዚቃ መድረክ ሞልተውታል። "ተባረክ" እና "ጌታ ይባርክሽ" ከወንጌላውያን ክበብ ወጥተው በገበያ የሚሰሙ ምርቃቶች ሆነዋል። ጠላና አረቄ የማይቀርብበት ሠርግ በደቡብ ከተሞች ተራ ነገር ነው፤ ለባለትዳር ሴቶች ይህ ምን እንደሆነ፣ የባሏ ደመወዝ መጠጥ ቤት መቅረቱን ያቆመላት ሴት በደንብ ታስረዳለች። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም በግቢ ጉባኤያት የተማረው ትውልድ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ እየጠቀሰ መከራከሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙራት መብዛታቸው፣ የአደባባይ ስብከት መጠናከሩ የራሳቸው ጥንታዊ ሥር ቢኖራቸውም፣ በከፊል ለወንጌላውያን ፈተና የተሰጠ መልስ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ይህን ለማመን ባይወዱም አንዱ ሌላውን ሲቀርጽ ኖሯል።

ከአገሬው ባህል ጋር ያለው ግንኙነት ግን ያልተቋጨ ነው። በሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ፣ በወላይታ ጊፋታ፣ በኦሮሚያ ኢሬቻ ዛሬ የክልልና የሕዝብ መታወቂያ በዓላት ናቸው። ፊቼ ጫምባላላ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። አያቶቻቸው ከእነዚህ ሥርዓቶች "ወጥተን ዳንን" ያሉ ቤተሰቦች ልጆች አሁን "ባህል ነው እንጂ አምልኮ አይደለም" እያሉ የበዓሉን ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይህን እንደ መመለስ ያዩታል። በቋንቋ በኩል ለማንነት መነቃቃት መሠረት የጣለችው ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቱ በኩል ከዚያው ማንነት ጋር መጣላቷ በየስብከቱ የሚሰማ፣ መልስ ያልተገኘለት ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ኅብረተሰብ ወደ ፖለቲካ ሲመጣ ምን ይዞ መጣ? አብዛኛው አማኝ ይዞ ያደገው ትምህርት "ፖለቲካ ሥጋዊ ነው" የሚል ነበር። በስደት ዘመን ይህ ትምህርት ጠብቆታል፤ ከገዢው ጋርም ከአማፂውም ጋር ሳይሰለፍ እንዲኖር አስችሎታል። ነገር ግን ሌላ አስተሳሰብም ነበር። በጥር 1951 ዓ.ም. የተመሠረተችውን መካነ ኢየሱስን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም የንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትርና አምባሳደር ነበሩ፤ እምነትና የመንግሥት ሥራ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይምታቱ ሊኖሩ እንደሚችሉ በሕይወታቸው አሳይተዋል። ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ከዚያ አልፈው ሄዱ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ እየለያዩ ገንዘብ የሚሰጡ የምዕራብ ለጋሾች ሰውን በግማሹ እያዩት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ የመሬት አዋጁን በጎ ጎን ተቀበሉ፤ ቤተ ክርስቲያኗን የሥርዓቱ አፈ ቀላጤ ለማድረግ ሲጠየቁ ግን እምቢ አሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ አልወጡም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለ10 ዓመታት ያህል ታስረው ተሰቃይተዋል።

የቄስ ጉዲና ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ለሕዝቡ ኑሮ ተቆርቋሪ ሆና ከሥልጣን ግን ነጻ ሆና ትቁም የሚለው፣ ከእርሳቸው ጋር አብሮ የተቀበረ ያህል ሆኗል። በየሥነ መለኮት ትምህርት ቤቱ ስማቸው ይጠቀሳል፤ ምእመኑ ግን አያውቃቸውም። ስለዚህ የፖለቲካው በር ሲከፈት ወንጌላዊው ኅብረተሰብ "ፖለቲካ ሥጋዊ ነው" ከሚለው ተነስቶ "እግዚአብሔር የቀባው መሪ" ወደሚለው በአንድ ዝላይ ተሻገረ። በመሐሉ መኖር የነበረበት ትምህርት፣ መንግሥት ምንድን ነው፣ ዜጋ ለመሪው ምን ያህል ይታዘዛል፣ ስሕተቱንስ እንዴት ይነግረዋል የሚለው ትምህርት፣ አልተሰጠም።

ዝላዩ በአንድ ጊዜ አልመጣም። በመስከረም 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላ የፈጸሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከወላይታ የወጡ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አባል በመሆናቸው ግን በሥላሴ የሚያምኑት ብዙኃኑ ወንጌላውያን "ኦንሊ ጂሰስ" እያሉ እንደ ራሳቸው አይቆጥሯቸውም ነበር። ሥራቸውንም በገዢው ግንባር በኢሕአዴግ የድርጅት ቋንቋ እንጂ በእምነታቸው ቋንቋ አላካሄዱም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሌላ ናቸው። ከሙስሊም አባትና ከኦርቶዶክስ እናት ተወልደው በሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ያመኑት ዐቢይ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝናሽ ታያቸው የመዝሙር አገልጋይ የሆኑት ዐቢይ፣ እናታቸው በሰባት ዓመታቸው ስለ ንግሥናቸው የነገሯቸውን በአደባባይ የሚተርኩት ዐቢይ፣ ለጴንጤቆስጤ ጆሮ እጅግ የቀረበ አነጋገር ይዘው መጡ። በጎ ማሰብ፣ አዎንታዊ ቃል መናገር፣ ያልታየውን እንደታየ አድርጎ ማወጅ በየእሁዱ ከመድረክ የሚሰማ ነገር ነው።

ሆኖም ከዚህ ተነስቶ አንድ የወንጌላውያን ቡድን አገሩን ይመራል ማለት ማስረጃ የለውም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ለዓመታት ተለያይተው የነበሩትን የኦርቶዶክስ ሁለት ሲኖዶሶች በማስታረቅ አቡነ መርቆሬዎስን ወደ አገራቸው የመለሱት እኚሁ መሪ ናቸው። ከቅርብ አማካሪዎቻቸው አንዱ ዲያቆን ዳንኤል ክብረት የኦርቶዶክስ ሰባኪ ናቸው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ የከረመው ብሔራዊ ጸሎት ሁሉንም ሃይማኖቶች በየተራ ያሰለፈ ነበር። ገዢው ፓርቲ ራሱ የተሠራው በብሔር አወቃቀር ላይ ነው፤ በሹመትም ሆነ በሽረት ሃይማኖት ከብሔር በልጦ የወሰነበት ጊዜ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የበቀለ ነው ማለትም አይቻልም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አካባቢ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ፣ መንግሥት ለሕግ ማስከበር ያሳየው ዳተኝነትና በሻሸመኔ የፈሰሰው ደም ብዙ ኦርቶዶክሳውያንን አስቆጥቷል፤ የመሪውም ሃይማኖት በየውይይቱ ተነስቷል። የመስቀል አደባባይ አጠቃቀም ውዝግብም እንዲሁ ቁስል ጥሏል። ከሁሉ የከፋው ግን በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከአንዳንድ መድረኮች የተሰማው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች እየሞቱ ሳለ ድልን የሚተነብዩ፣ ጦርነቱን የእግዚአብሔር ዕቅድ አድርገው የሚያውጁ "ነቢያት" በቴሌቪዥን ታይተዋል። ግራ እጁን አላነሳም ብሎ የታሰረ ትውልድ ልጆች ይህን ሲሰሙ "አሜን" ማለታቸው ለእኔ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

እነዚህ "ነቢያት" የሚወክሉት ሌላም ለውጥ አለ። በሳተላይት ቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የሚታየው አገልግሎት በአንድ ሰው ስም የቆመ ነው፤ ሽማግሌዎች የሉትም፤ ሒሳቡን የሚመረምር ጉባኤ የለውም። ሕመምተኛው ተአምር ፍለጋ፣ ሥራ አጡ "ዘር ለመዝራት" ያለችውን ይዞ ይመጣል። መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስና ሙሉ ወንጌል በስደት የገነቡት አሠራር፣ አጥቢያው መሪውን የሚመርጥበትና የሚጠይቅበት ልማድ፣ ለዚህ አዲስ ዓለም እንግዳ ነው። እነዚሁ ነባር አብያተ ክርስቲያናት ግን ሲፈልጉ ለኃያል መልስ መስጠት እንደሚችሉ አሳይተዋል። መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት ስታቋርጥ፣ የምታጣው ገንዘብ አላስፈራትም። በውሳኔው መስማማትና አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለረጅም ዘመን ላስተማራት ወገን "አይሆንም" ማለት የቻለች ቤተ ክርስቲያን ለአገሯ መንግሥትም በሰላማዊ ሰዎች ግድያ፣ በእስርና በጦርነት ጉዳይ ስም ጠርታ መናገር አያቅታትም። እስካሁን የሚወጡት መግለጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰላም የሚጸልዩና ሁሉንም ወገን በጥቅሉ የሚመክሩ ናቸው።

የሚመጣው ጊዜ ፈተና አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲሆኑ፣ በብዙዎቹ ዞኖችና ወረዳዎች አስተዳዳሪው፣ ዳኛው፣ የፖሊስ አዛዡና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ከወንጌላውያን ቤተሰብ የወጡ ሰዎች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ወንጌላዊው ብዙኃን ነው፤ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ደግሞ ቁጥራቸው ያነሰ ጎረቤቶች ናቸው። የጥምቀተ ባሕር ቦታ ይከበርልን፣ ለመስጊድ መሥሪያ መሬት ይሰጠን፣ ለመቃብር የሚሆን ቦታ ይከለልልን የሚሉ ማመልከቻዎች የሚቀርቡት ለእነርሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል። እነዚህን አንቀጾች ወንጌላውያን ለራሳቸው መብት ሲጠቅሷቸው ኖረዋል፤ አሁን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሌሎች ሰዎች የሚፈርሙባቸው እነርሱ ናቸው።